ባለ ዐሥራ ዘጠኝ ጥርስ

መናኸሪያው ጀርባ፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣
ሰዓት አዳሽ ነኝ እኔ፤ ጎረቤቴ ይሰፋል ጫማ።
እሱ የሄደ እግር፣ እኔ የቆመ ቀን፣
በወስፌ በወረንጦ ስንጠግን ስንጠግን።

በዘመነ ማርቆስ ነው፣ ሁለት ሺህ ስድስት ላይ፣
ዳቦ በተጠቀለለበት ጋዜጣ አንድ ሥዕል ሳይ፤
ዝገቱ አረንጓዴ፣ ክብ ነገር፣ ጥርስ ያለው፣
የሻገተ ቁራሽ ዳቦ ነው የሚመስለው።
«ከጽርእ ባሕር ወለል፣ ከሰመጠ መርከብ ሆድ፣
ስፖንጅ ለቃሚዎች ያወጡት» ይላል፣ «የነሐስ ጉድ፤
ሁለት ሺህ ዓመት ጨው ጠጥቶ የተኛ፣
ፀሓይን ከጨረቃ የሚያስማማ ዳኛ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዱ ጥምዝ ይዞራል፣
ሰባ ስድስት ዓመት በሌላው ይቈጠራል።»

ዳቦው ከእጄ ወደቀ።
ዐሥራ ዘጠኝ? ሰባ ስድስት?
ይህን ቍጥር አውቀዋለሁ፤
አብማ ማርያም፣ ከወይራው ሥር፣ በዐሥራ አራት ዓመቴ፣
በመሪጌታ ጽጌ አለንጋ የገባ ነው ወደ አንጀቴ፦
«ንዑስ ቀመር ዐሥራ ዘጠኝ፣ ማዕከላዊው ሰባ ስድስት።»
በግማሽ ጥዬው ነበር፣ ባሕረ ሐሳብን ሸሽቼ፤
እነሆ ከባሕር ወጥቶ ያዘኝ፣ የአንድ ብር ዳቦ ገዝቼ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ከሞተ ፕሪሙስ ሆድ ናስ ቆረጥኩ በመቀስ፤
ጥርስ ማውጣት ግን ሌላ ነው፤ ሞረድ ይሻል፣ ላብ ማፍሰስ።
ሞረዱን ያዋሰኝ ጫኔ ነው፣ የየጁቤው ቀጥቃጭ፣
ማረሻ አሹሎ ለአገር፣ በአገር ድግስ ከበር ተቀማጭ፤
«ዓይኑ ይበላል» ይሉታል፣ በሠራው ቢላ ሥጋ እየበሉ፤
እሱም፦ «ዓይኔ ቢበላ ኖሮ፣ ልጆቼ ጦም ባልዋሉ።»
ሥዕሉን አሳየሁት። ጥርሶቹን በጥፍሩ ቈጠረ፦
«ይኼን የሞረደ ማን ይባላል?» «አይታወቅም፤ ስሙ አልኖረ።»
«እንግዲያው ዘመዴ ነው» አለና ሰጠኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ሞረድኩ፣ ደንበኛው «ሰዓቴስ?» ሲለኝ፤
አውራ ጣቴ ተላጠ፣ ጫማ ሰፊው «አበድክ» አለኝ።
ዐሥራ ዘጠኝ ጥርስ ለወንበር፣ ሠላሳ ለአበቅቴ፣
ከሞተ ሰዓት መርፌ ነቅዬ፣ ሄድኩ ወደ ጥንቱ ቤቴ፣
ወደ ወይራው ሥር።

መሪጌታ ዓይናቸው ፈዝዟል፤ በድድ ነው የሚስቁ፤
«የጠፋው በግ መጣ» አሉ፣ በድምፄ እንዳወቁ።
ናሱን በመዳፋቸው፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤
«የእኔ ጥርስ ሲረግፍ የናሱ በቀለ?» አሉና ስቀው አነጠሱ።
«በል የዘንድሮን አበቅቴ ይንገረን።»
እጀታውን አዞርኩ፤ ጥርስ ጥርስን ነከሰ፤
መርፌው ሄዶ ሄዶ ቆመ።
«ዐሥራ አንድ» አልኩ።
የእሳቸው ጣት ከእኔ መርፌ በፊት ነበር የደረሰ፤
ጭብጣቸውን ዘጉ፦ «አልቦ! ባዶ ነው፤ ናስህ ያንተን ጥፋት ወረሰ።
‹አንዱን ለዘመን አጕድል› ያልኩ ዕለት ነው የኰበለልህ፤
ያላለቀ ዓመት አይቈጠርም፤ ይህን ነው ሳትሰማ የሄድህ።»

ማታ በውትርን ድልድይ ስመለስ፣ ናሱ በኪሴ ከብዶ፣
ያን ሰው አሰብኩት፣ የጽርኡን፣ ድካሙ ባሕር ወርዶ፤
ሁለት መቶ ሃያ ሦስት ጥርስ በአንድ መንኰራኵር ዙሪያ፣
ምናልባት በጨለማ ሱቅ፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ አጠገብ፣ በአንድ መርከብ ማቆሚያ።
ስሙን አልቀረጸም። ወይ ቀርጾት ጨው በላው።
ወይስ እሱም የኔታ ነበረው፣ «አንዱን ለዘመን» የሚለው?

ሱቄን ከፍቼ፣ መርፌውን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ መለስኩ።
አልቦ ላይ ቆመ።
ከጀርባው በወረንጦ ጫፍ «ጫኔ፣ የየጁቤው» ብዬ ጫርኩ፤
የእኔን ተውኩ።